የሚሰማ ጆሮ፣ የሚናገር አንደበት፦ የንግግርና የመስማት ሕክምና ትምህርት ለግልገል በለስ

ሲጠሩት ያልመለሰ ልጅ ሁሉ እልኸኛ አይደለም፤ ዘግይቶ የተናገረም ሁሉ አእምሮው የዘገየ አይደለም። አንዳንዱ ድምፁ ስላልደረሰው ዝም ይላል፤ አንዳንዱም ቃሉ በልቡ ሳለ አንደበቱ አልታዘዝ ይለዋል። ይህ ዝምታ እንደ ድፍረት ወይም እንደ እርግማን ሲቆጠር ሕፃኑ ከትምህርት ገበታና ከእኩዮቹ ይርቃል። ችግሩን ለይቶ የሚያውቅና የሚረዳ ሙያ ግን አለ። የዚህ ትምህርት ዓላማ ሙያውን ማስተዋወቅና የግልገል በለስ ሰበካ ጉባኤያት የአካባቢውን ልጆች ለሙያው ማዘጋጀት ለምን እንደሚገባቸው ማሳየት ነው።

ሙያው ምንድን ነው?

ሙያው ሁለት ተጓዳኝ ዘርፎች አሉት። ኦዲዮሎጂ መስማትን ይመረምራል፤ የችግሩን መጠን ይለካል፤ የመስሚያ መሣሪያም መርጦ ያስተካክላል። የንግግርና ቋንቋ ሕክምና ደግሞ ዘግይተው የሚናገሩትን፣ የሚንተባተቡትን፣ ላንቃቸው ተሰንጥቆ የተወለዱትን፣ እንዲሁም በስትሮክ ምክንያት ንግግር ወይም መዋጥ ያቃታቸውን ይረዳል። የላንቃ መሰንጠቅ በቀዶ ሕክምና ቢጠገንም ልጁ ድምፆችን በትክክል ማውጣት እንዲችል ብዙ ጊዜ ልምምድ ያስፈልገዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት መሠረት ከ430 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ለመስማት ችግራቸው የተሐድሶ አገልግሎት ያስፈልጋቸዋል። በሕፃናት ላይ ከሚደርሰው የመስማት ችግር 60 በመቶ ያህሉን ግን መከላከል ይቻላል። ኩፍኝና ማጅራት ገትር፣ ሳይታከም የቆየ የጆሮ መግልም ከምክንያቶቹ መካከል ናቸው።

ተማሪው ምን ይማራል?

በአገራችን የንግግርና ቋንቋ ሕክምና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ይሰጣል። በዚህ ሙያ የሚሠለጥን ተማሪ የጆሮን፣ የጉሮሮንና የአፍን አፈጣጠር፣ የድምፅን ጠባይና የልጆችን የቋንቋ እድገት ያጠናል፤ በሆስፒታልም ከሕሙማን ጋር ይለማመዳል። ስለዚህ ሙያው የሕክምና ብቻ ሳይሆን የቋንቋም ዕውቀት ነው። የምልክት ቋንቋም ራሱን የቻለ ቋንቋ ስለሆነ መስማት ለተሳነው ልጅ የዕውቀት በር እንጂ የመጨረሻ አማራጭ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

የአካባቢው ልጅ ለምን ይማር?

በግልገል በለስና በዙሪያዋ ጉሙዝኛ፣ ሺናሽኛ፣ አገውኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ ይነገራሉ። እነ ጠ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ እና ቀ በአማርኛ እንደሚለዩ ሁሉ ጉሙዝኛም አየር ወደ ውስጥ እየተሳበ የሚነገሩ ድምፆች አሉት፤ በድምፅ ከፍታና ዝቅታም ቃላትን ይለያል። ይህን የማያውቅ መርማሪ የልጁን ትክክለኛ ንግግር ስሕተት ብሎ ሊመዘግብ፣ እውነተኛውንም ችግር ሊያልፍ ይችላል። በቤቱ ጉሙዝኛ የሚናገር ልጅ በአማርኛ ዝም ቢል ገና ቋንቋውን እየለመደ ነው፤ በእናቱ ቋንቋም ዝም ካለ ግን ምርመራ ያስፈልገዋል። ሁለቱን በትክክል የሚለየው ቋንቋውን የሚያውቅ ባለሙያ ነው። እንዲህ ያለው ባለሙያ እስኪገኝም የግልገል በለስ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ የሚያሠለጥናቸው መምህራን የመጀመሪያዎቹ አስተዋዮች ሊሆኑ ይችላሉ።

ሰበካው ምን ያድርግ?

የንስሐ አባቶች በየቤቱ ስለሚገቡ በጓዳ የተደበቀውን ልጅ ቀድመው ያያሉ። የአብነት መምህርም ዜማና ንባብ ሲያርም የኖረ ጆሮ ስላለው ከኋላው ሲጠራ የማይዞረውን፣ የመምህሩን ከንፈር ብቻ የሚከተለውን ተማሪ ያስተውላል። እንግዲህ፦

1. በ6 ወር ዕድሜው ለድምፅ የማይዞር፣ በ2 ዓመቱ ሁለት ቃላት የማያገናኝ፣ ወይም ጆሮው መግል የሚያወጣ ሕፃን ወደ ጤና ተቋም እንዲሄድ ወላጆችን ማስረዳት፤
2. በሚፈስ ጆሮ ውስጥ ዘይትም ሆነ የቅጠል ጭማቂ እንዳይጨመር፣ ክትባትም እንዳይቋረጥ ማስተማር፤
3. የሚንተባተበውን ልጅ ቃሉን ሳይነጥቁ እስኪጨርስ መታገሥ፣ በጉባኤ ፊትም አለማሳፈር፤
4. የአካባቢውን ቋንቋ የሚናገሩ ትጉህ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ስለ ሙያው መንገር፣ የመግቢያ መስፈርቱን ከዩኒቨርሲቲው ጠይቆ ማሳወቅ፣ ለጉዞና ለመማሪያ ወጪያቸውም ከሰበካው በጀት መመደብ።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ጌታችን መስማትና መናገር የተቸገረውን ሰው ሲፈውስ አስቀድሞ ከሕዝቡ ለይቶ ወሰደው። የተቸገረውን መግለጫ ሳያደርጉ፣ ክብሩን ጠብቀው ብቻውን መቅረብ ለካህንም ለሐኪምም የመጀመሪያው ትምህርት ነው።

ለሰበካ ጉባኤ ውይይት

በአጥቢያችን ከትምህርት የቀሩ፣ መስማት ወይም መናገር የሚቸግራቸው ልጆች በየትኛው ቤት አሉ? በእናታቸው ቋንቋ የሚያነጋግራቸው ማን ነው? በሚመጣው ዓመት ለዚህ ሙያ የምናዘጋጀው ተማሪስ ማን ይሁን?