ከጌም ማሽን ወደ ኮምፒዩተር፦ የሚያጫውትም የሚያሠራም ዕቃ በራሳችን ስንገጣጥም

በዚህ እትም የሙያ ትምህርት ዓምዳችን የምንመለከተው ወጣቶች በተደጋጋሚ ያቀረቡልንን ጥያቄ ነው። እንደሚታወቀው በካምፓችን ውስጥ የፕሌይስቴሽን ቤቶች አሉ። አንዳንዶቹን የከፈቱት ወጣቶች ናቸው። በእቁብ ገንዘብ አንድ ማሽንና አንድ ቴሌቪዥን ገዝተው፣ ጨዋታ እያከራዩ ራሳቸውንና ቤተሰባቸውን ይረዳሉ። ጥያቄያቸውም «ማሽኑ ሲያረጅ ሌላ ማሽን እንግዛ? ወይስ በዚያው ገንዘብ ጨዋታም የሚያጫውት፣ የጽሕፈት ሥራም የሚሠራ ኮምፒዩተር እንገጣጥም?» የሚል ነው።

የእቁብ ገንዘብ አንዴ ከወጣ ቶሎ አይተካም። አባቶቻችን «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ያሉት ለዚህ ነው። ስለሆነም ከመግዛታችን በፊት ማወቅ የሚገባንን በቅደም ተከተል እንይ።

1. ሁለቱ ዕቃዎች በምን ይለያያሉ?

የጌም ማሽን ራሱ ኮምፒዩተር ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ፕሌይስቴሽን 4 የሚሠራው ኤኤምዲ በተባለው ኩባንያ ፕሮሰሰር ነው። ይህ ፕሮሰሰር ከተራ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ፕሮሰሰር ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው። ዋናው ልዩነት የማሽኑ በር በሠራው ኩባንያ ቁልፍ ብቻ መከፈቱ ነው። ምን እንደሚጫንበትና ምን እንደማይጫንበት የሚወስነው ገዢው ሳይሆን ኩባንያው ነው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነን ፕሌይስቴሽን 3 ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሲወጣ ባለቤቱ ሊኑክስ የተባለውን ነፃ ሥርዓት ጭኖ እንደ ኮምፒዩተር እንዲሠራበት ይፈቅድ ነበር። የአሜሪካ አየር ኃይል የምርምር ላቦራቶሪ እንኳ 1,760 ያህል ማሽኖችን አያይዞ በ2010 አንድ ታላቅ የስሌት ኮምፒዩተር ሠርቶባቸዋል። ይሁን እንጂ ሶኒ በዚያው ዓመት ኤፕሪል 1 ቀን ባወጣው ማሻሻያ ይህን በር ዘጋው። ማሻሻያውን አልጭንም ያለ ሰው ደግሞ በኢንተርኔት ከሌሎች ጋር መጫወት ቀረበት። በገዛ ገንዘቡ የገዛው ዕቃ የቀድሞ ሥራው ተወሰደበት ማለት ነው።

የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ታሪክ የተለየ ነው። አይቢኤም በነሐሴ ወር (ኦገስት) 1981 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኮምፒዩተር ከተለያዩ ፋብሪካዎች በተገዙ ክፍሎች የተሠራ ነበር፤ የአሠራሩም ዝርዝር በይፋ ታትሟል። በዚህ ምክንያት ሌሎችም ተመሳሳዩን ለመሥራት ቻሉ። በ1995 ደግሞ ኢንቴል የማዘርቦርድን፣ የኬዝንና የፓወር ሰፕላይን ልክ የሚወስን ኤቲኤክስ የተባለ ደንብ አወጣ። ዛሬ የአንዱ ፋብሪካ ማዘርቦርድ በሌላው ፋብሪካ ኬዝ ውስጥ የሚገባው፣ አንድ ክፍል ሲበላሽም ያንኑ ብቻ ለይተን የምንለውጠው ከዚህ የተነሣ ነው።

2. ምን አብሮን ይሻገራል? ምን ይቀራል?

ቴሌቪዥኑ ይሻገራል፤ ኤችዲኤምአይ መሰኪያ ካለው ለኮምፒዩተሩ ስክሪን ይሆናል። የፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክም በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒዩተር ጋር ይሠራል። ስታቢላይዘሩም እንዲሁ፤ ስለዚህ እነዚህን አትሽጡ።

የጨዋታ ዲስኮቹ ግን ይቀራሉ። የፕሌይስቴሽን ዲስክ በኮምፒዩተር ላይ አይጫንም፤ በማሽኑ ላይ የተቀመጠው የጨዋታ ውጤትም በአብዛኛው አይከተለንም። ለኮምፒዩተር የሚሆኑ ነፃ ጨዋታዎች አሉ። ለምሳሌ ኢፉትቦል የተባለው የእግር ኳስ ጨዋታ ከ2021 ጀምሮ ያለ ክፍያ ይገኛል። ነገር ግን ከነዚህ ነፃ ጨዋታዎች ብዙዎቹ ኢንተርኔት ይፈልጋሉ። ደንበኞቻችሁ የሚመጡት ሁለት ሆነው በአንድ ስክሪን ለመጫወት ከሆነ ያለ ኢንተርኔት በሁለት ጆይስቲክ የሚሠራ ጨዋታ መኖሩን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

3. ክፍሎቹና ሥራቸው

መገጣጠም ሲባል ሁሉን ነገር ከዜሮ መግዛት ማለት አይደለም። ለኛ አቅም የሚቀርበው መንገድ ከቢሮ የወጣ ያገለገለ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ገዝቶ የጎደለውን መጨመር ነው።

ሀ. ማዘርቦርድ፦ ሌሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ሰሌዳ ነው።

ለ. ፕሮሰሰር፦ ስሌቱን የሚሠራ አንጎል ነው። የእግሩ ቅርጽ ከማዘርቦርዱ መቀመጫ ጋር ካልገጠመ አይሆንም።

ሐ. ራም፦ ሥራ ላይ ያለውን ለጊዜው የሚይዝ ነው። ለጽሕፈት ሥራ 8 ጊጋባይት ይበቃል፤ ለአዳዲስ ጨዋታዎች 16 ይሻላል። ዲዲአር 3 የተባለው 240 እግር፣ ዲዲአር 4 የተባለው ደግሞ 288 እግር አለው። አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፤ በጉልበት ማስገባት ሁለቱንም ያበላሻል።

መ. ዲስክ፦ ፋይል የሚቀመጥበት ነው። የድሮው ሃርድ ዲስክ በውስጡ የሚሽከረከር ሳህን ስላለው ሲንቀጠቀጥ ይጎዳል። ኤስኤስዲ የተባለው የሚንቀሳቀስ ክፍል የለውም፤ ፍጥነቱም እጅግ ይበልጣል። ያረጀ ኮምፒዩተር በዚህ ለውጥ ብቻ እንደ አዲስ ሊቀልጥፍ ይችላል።

ሠ. ግራፊክስ ካርድ፦ ለጨዋታ ወሳኙ ይህ ነው። የማዘርቦርዱ ረጅም መሰኪያ ለካርዱ እስከ 75 ዋት ይሰጣል። እንደ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ያሉ ካርዶች፣ ተጨማሪ የኃይል ገመድ የማይፈልጉት ሞዴሎቻቸው፣ በዚህ መጠን ስለሚሠሩ ለቢሮ ኮምፒዩተር ይስማማሉ። ኬዙ ጠባብ ከሆነ አጭር ቁመት ያለው ካርድ መፈለግ ግድ ነው።

ረ. ፓወር ሰፕላይ፦ የመሥመሩን 240 ቮልት ወደ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት የሚለውጥ ነው። የቢሮ ኮምፒዩተሮች ብዙ ጊዜ የራሳቸው የተለየ መሰኪያ ስላላቸው ተራው ላይገጥም ይችላል። ይህን ሣጥን በምንም ምክንያት አትክፈቱ፤ ከመሥመር ከተነቀለም በኋላ ሰው የሚጎዳ ኃይል በውስጡ ይቆያል።

4. ያገለገለ ዕቃ ስንገዛ

አንደኛ፦ ፊት ለፊታችን ይብራ። እንደበራ ወደ ባዮስ ገብተን የፕሮሰሰሩን ስምና የራሙን መጠን በዓይናችን እናንብብ። ኬዙ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ማስረጃ አይደለም።

ሁለተኛ፦ ክዳኑ ተከፍቶ ይታይ። አናታቸው ያበጠ ወይም ፈሳሽ ያወጡ ትንንሽ ከበሮ መሰል ክፍሎች (ካፓሲተሮች) ካሉ፣ የተቃጠለ ሽታም ካለ ይቅርብን።

ሦስተኛ፦ ግራፊክስ ካርድ ከሆነ ግማሽ ሰዓት ያህል ጨዋታ ይጫወትበት። ደካማውን ካርድ በጠንካራው ስም የሚሸጡ አሉ፤ ጂፒዩ-ዚ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ትክክለኛ ማንነቱን ለማወቅ ይረዳል።

አራተኛ፦ ምስክር ይዘን እንግዛ፤ የዕቃው መለያ ቁጥር የተጻፈበት ደረሰኝም እንቀበል። የተሰረቀ ዕቃ መግዛት ከገንዘቡም በላይ ጣጣ ያመጣል።

አምስተኛ፦ ስለ ዊንዶውስ እንጠይቅ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ የጥበቃ ድጋፍ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በአጠቃላይ ከ8ኛው ትውልድ በታች ያሉትን በይፋ አይቀበልም። ብዙ የቢሮ ኮምፒዩተሮች በርካሽ የሚሸጡት በዚህ ምክንያት ነው። እነዚህን ሊኑክስ ሚንት በተባለው ነፃ ሥርዓት ማሠራት ይቻላል። ሊብረኦፊስ የተባለው የጽሕፈት ፕሮግራምም ነፃ ነው፤ የአማርኛ ጽሕፈትም ያለ ክፍያ ይጨመርበታል። ሆኖም አንዳንድ የኢንተርኔት ጨዋታዎች በሊኑክስ ላይ አንሠራም ስለሚሉ የምትፈልጉትን ጨዋታ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

5. የመብራት ስሌት

ኃይል የሚለካው በዋት ነው። ዋቱን በሰዓት ስናባዛ የፈጀውን እናገኛለን። ኮምፒዩተሩ ከነስክሪኑ 150 ዋት ይወስዳል ብንልና 5 ሰዓት ቢሠራ 150 × 5 = 750 ዋት-ሰዓት ይሆናል።

በሶላር የምትጠቀሙ ደግሞ እንዲህ አስሉ፦ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር-ሰዓት የሆነ ባትሪ የሚይዘው 12 × 100 = 1,200 ዋት-ሰዓት ነው። ተራው የሊድ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በላይ ባይወሰድበት ይመረጣል፤ ስለዚህ 600 ቀረን። 600 ለ150 ሲካፈል 4 ሰዓት ነው። ኢንቨርተሩ የሚበላው ሲቀነስ ከ4 ሰዓትም ያንሳል። በጄኔሬተር መሥመር የምትጠቀሙ ዕቃውን ከመግዛታችሁ በፊት ክፍያው ስንት እንደሚጨምር ከባለ መሥመሩ ጋር ተነጋገሩ።

6. የመገጣጠሙ ሥራ

ነፋስና አቧራ ሳይነሣ በማለዳ፣ በጠረጴዛ ላይ እንሥራ። ገመዱ ከመሥመር ይነቀል። ክፍሎቹን ከመያዛችን በፊት የኬዙን ባዶ ብረት በእጃችን እንንካ፤ በሰውነታችን ላይ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ ትንንሾቹን ክፍሎች ሊያቃጥል ይችላልና። ፕሮሰሰሩን ነቅለን ከነበረ በላዩ የሩዝ ፍሬ ያህል የሙቀት ቅባት አድርገን ማቀዝቀዣውን እንመልስ። ራሙ «ቀጭ» እስኪል ይጫን። ካርዱ በረጅሙ መሰኪያ ገብቶ በብሎን ይታሰር። የስክሪኑ ገመድ የሚሰካው በካርዱ ላይ ነው፤ በማዘርቦርዱ ላይ ከተሰካ ካርዱ እያለ ጥቅም አይሰጥም።

በቱርካና ሙቀትና አቧራ ውስጥ ኮምፒዩተር በሙቀት ይዳከማል። በየወሩ ክዳኑን ከፍቶ፣ ማራገቢያው እንዳይሽከረከር በጣት ይዞ፣ በለስላሳ ብሩሽ ማጽዳት ያስፈልጋል። መሬት ላይም አታስቀምጡት።

7. የሰው ጉዳይ አደራ ነው

ወንድሞችና እህቶች! ከሁሉ በላይ ልብ እንድትሉልን የምንፈልገው ይህን ክፍል ነው። የጌም ማሽን ሲበላሽ የሚጠፋው ጨዋታ ነው። ኮምፒዩተር ግን የጽሕፈት ሥራ ከጀመረ ሰዎች የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻቸውን፣ የትምህርት ማስረጃቸውን፣ የስደት ታሪካቸውንና ይግባኛቸውን ይዘው ይመጣሉ። በነዚህ ወረቀቶች ላይ በማይገባው ሰው እጅ ቢወድቁ ባለቤቱን ወይም አገር ቤት የቀሩትን ዘመዶቹን የሚጎዱ ስሞችና ቃላት ይኖራሉ።

በመሆኑም የሚከተሉትን ደንቦች እናስቀምጣለን፦

ሀ. ለጨዋታና ለሥራ የተለያየ የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ይኑር። የተሻለው ግን ሁለት ዲስክ መያዝና የሥራውን ዲስክ በጨዋታ ሰዓት መንቀል ነው።

ለ. ቁልፉ ተሰብሮ በነፃ የሚዞር ጨዋታ ሥራ በሚሠራበት ኮምፒዩተር ላይ አይጫን። እንዲህ ያለው ጨዋታ ፋይልና የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ቫይረስ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ሐ. የደንበኛው ጽሑፍ በራሱ ፍላሽ ይሰጠው፤ ከኛ ዘንድ ፊቱ ይደምሰስ። ኢሜይሉንም ዘግቶ መውጣቱን እናረጋግጥ።

መ. የምናስከፍለው ለጽሕፈትና ለወረቀት ብቻ ነው። የዩኤንኤችሲአር አገልግሎት በነፃ የሚሰጥ ስለሆነ «ጉዳይህን አስጨርስልሃለሁ» ብሎ ገንዘብ መቀበል ወንጀልም ነውርም ነው።

8. እንግዲህ የትኛው ይሻላል?

ቤታችሁ የሚተዳደረው በማታ ኳስ ጨዋታ ብቻ ከሆነና ኮምፒዩተር የሚያውቅ ወይም ለመማር የሚፈልግ ሰው ከሌላችሁ የጌም ማሽኑ ይሻላችኋል። ሲበራ ይጫወታል፤ ብዙ ጣጣም የለውም።

ጠዋት ሊሠራ የሚችል ሰው ካላችሁ ግን ስሌቱ ይለወጣል። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ የጽሕፈት ሥራ በቀን 100 ሽልንግ ያስገባል፣ ለተጨማሪ መብራትና ለወረቀት 40 ሽልንግ ይወጣል እንበል። በቀን 60 ይተርፋል። በወር 25 ቀን ቢሠራ 60 × 25 = 1,500 ሽልንግ ነው። ኮምፒዩተሩ ከማሽኑ በ12,000 ሽልንግ ቢበልጥ 12,000 ÷ 1,500 = 8 ወር ላይ ልዩነቱን ይመልሳል። በራሳችሁ ሰፈር ዋጋ ስታሰሉት ከአንድ ዓመት በላይ የሚወስድ ከሆነ ደጋግማችሁ አስቡበት።

የምንመክረው አንድ ነገር አለ፦ ኮምፒዩተሩ ተገጣጥሞ አንድ ወር ሙሉ በደህና ሳይሠራ የድሮውን ማሽን አትሽጡ። የትኛውንም ብትመርጡ ደግሞ በትምህርት ሰዓት ደብተር የያዘ ልጅ አታስገቡ። የዛሬው ሃያ ሽልንግ የነገውን ተማሪ ያሳጣናል።

መልመጃ

1) ፕሮሰሰሩ የሚገጥም ሆኖ ሳለ የዲዲአር 3 ራም በዲዲአር 4 ማዘርቦርድ ላይ የማይገባው ለምንድን ነው?
2) ኮምፒዩተራችሁ 120 ዋት ቢወስድና በቀን 6 ሰዓት ቢሠራ ስንት ዋት-ሰዓት ይፈጃል? ከላይ ያልነው ባትሪ ይበቃዋልን?
3) ትርፉ በቀን 45 ሽልንግ፣ የሥራው ቀን 20፣ የዋጋው ልዩነት 10,800 ሽልንግ ቢሆን በስንት ወር ይመለሳል?
4) የጓደኛችሁን የይግባኝ ጽሑፍ ጽፋችሁ ስትጨርሱ ኮምፒዩተሩን ለተጫዋች ከመስጠታችሁ በፊት ምን ምን ታደርጋላችሁ?

በቡድን ሆናችሁ ተወያዩበት፤ መልሱን በሚቀጥለው እትም ይዘን እንቀርባለን። እስከዚያው በሰላም ያቆየን።