ስለ እጅ ስልክና ስለ መሥመሩ አመራረጥ

በሬ የሚገዛ ገበሬ ገበያ ወርዶ የቀንዱን ማማር ብቻ አይቶ ገንዘቡን አይሰጥም። አስቀድሞ ጥርሱን ከፍቶ ዕድሜውን ይገምታል፤ ትከሻውን ይዳስሳል፤ አስኪዶም እግሩን ያያል፤ ከቤቱ ካለው በሬ ጋራ በቀንበር ይስማማ እንደ ሆነም ያስባል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚደረገው የቤተ ሰቡ እንጀራ በበሬው ትከሻ ላይ ስለ ሆነ ነው። ይኸው ጠንቃቃ ገበሬ ግን የእጅ ስልክ ሊገዛ ሲሄድ ብዙ ጊዜ የመስተዋቱን ማብረቅረቅ አይቶ ወይም ጎረቤቱ የያዘውን ተከትሎ ይገዛል። ወደ ቤቱ በተመለሰ ጊዜም ስልኩ ከደጁ ላይ የማይሰማ፥ ባትሪውም እስከ ማታ የማይደርስ ሆኖ ያገኘዋል።

ስልክ ትንሽ ዕቃ ቢመስልም ሌሊት ምጥ ለያዛት ሴት አምቡላንስ የሚጠራበት፥ የእህል ዋጋ የሚጠየቅበት፥ ሩቅ አገር ያለ ልጅ ለእናቱ ገንዘብ የሚልክበት መሣሪያ ነው። ስለዚህ አመራረጡን ማወቅና ለሌላው ማስረዳት የመምህርና የአገር ሽማግሌ ሥራ ሆኗል። የአመራረጡም ሥርዐት ይህ ነው፤ አስቀድሞ ፍላጎት፥ ቀጥሎ ስፍራ፥ ከዚያ መሥመር፥ በመጨረሻ ስልክ። ብዙ ሰው የሚቸገረው ከመጨረሻው ስለሚጀምር ነው።

1ኛ፤ ምርጫው አዲስ ስለ መሆኑ

በአገራችን በዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ ዘመን፥ በ1887 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሐረር መካከል 477 ኪሎ ሜትር የሚሆን የስልክና የቴሌግራፍ ሽቦ መዘርጋት ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ስልክ ማለት በሽቦ የታሰረ መሣሪያ ማለት ነበር። በ1991 ዓ.ም. ግን ያለ ሽቦ የሚሠራው የእጅ ስልክ አገልግሎት ተጀመረ። አገልግሎቱን የሚሰጠው የመንግሥቱ ድርጅት በ2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ተብሎ ተቋቋመ። ይህ ድርጅት ብቻውን ስለ ነበረ ሕዝቡ ስልኩን እንጂ መሥመሩን የሚመርጥበት ምክንያት አልነበረውም።

በ2015 ዓ.ም. በመስከረም ወር ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ሥራውን በይፋ በጀመረ ጊዜ ሁለተኛ መሥመር ተገኘ። የኢትዮ ቴሌኮም የእጅ ስልክ ቁጥር በ09፥ የሳፋሪኮም ደግሞ በ07 ይጀምራል፤ ከአንዱም ወደ ሌላው መደወል ይቻላል። እንግዲህ አባቶቻችን ያልነበራቸው ምርጫ ለእኛ መጥቷልና በማስተዋል ልንጠቀምበት ይገባናል።

2ኛ፤ ስለ ፍላጎት

ስልክ የሚገዛ ሰው ገበያ ሳይወርድ በቤቱ ተቀምጦ እነዚህን ነገሮች ይጠይቅ። ከማን ጋራ እነጋገራለሁ? በቀን ስንት ጊዜ እደውላለሁ? ገንዘብ በስልክ እቀበላለሁን? መጽሐፍና ሥዕል የማይበት ሥራ አለኝን? በቤቴ የኤሌክትሪክ መብራት አለን?

ለመደወልና አጭር መልእክት ለመላክ ብቻ ለሚፈልግ ሽማግሌ የቁልፍ ስልክ ይበቃዋል። ባትሪውም አንድ ጊዜ ከተሞላ ብዙ ቀን ይቆያል። መጽሐፍ ከኢንተርኔት አውርዶ ለተማሪዎቹ የሚያሳይ መምህር ግን በጣት የሚነካ ዘመናዊ ስልክ ያስፈልገዋል፤ ይህኛው ስልክ ብዙ ጊዜ በየቀኑ መሞላት እንዳለበት አይርሳ።

ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው ቴሌብር የሚባለው የገንዘብ አገልግሎት በቁልፍ ስልክም እንደሚሠራ ብዙ ሰው አያውቅም። በስልኩ ላይ *127# ጽፎ በመደወል ያለ ኢንተርኔት ገንዘብ መላክና መቀበል ይቻላል። ስለዚህ ገንዘብ ለመላክ ብቻ ብሎ ውድ ስልክ የሚገዛ ሰው ያለ ፍላጎቱ ገንዘቡን ያባክናል።

3ኛ፤ ስለ ስፍራ

የእጅ ስልክ የሚሠራው ከማማ ላይ በሚወጣ የማይታይ ሞገድ ነው። የቀድሞው ዐይነት፥ ሁለተኛው ትውልድ የሚባለው፥ ሞገዱ ቢበዛ እስከ 35 ኪሎ ሜትር ያገለግላል ቢባልም፥ ተራራና ሸለቆ ስለሚጋርዱት በደጋ አገር ከዚያ እጅግ ያንሳል። የፀሐይ ብርሃን ከኮረብታ ጀርባ ጥላ እንደሚጥል ሁሉ የስልክም ሞገድ ጥላ አለው። በዚህም ምክንያት በአምበር ከተማ፥ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ዳር ቆሞ ጥሩ አድርጎ የሚሰማ ስልክ፥ ወደ ወንዝ ሲወርዱ ወይም ከኮረብታ ማዶ ካለው መንደር ሲደርሱ ዝም ሊል ይችላል። በከተማ የተሞከረ መሥመር ለገጠር ምስክር አይሆንም።

እንግዲህ መምህራን ሆይ፥ ከተማሪዎቻችሁ ጋራ ይህን ሥራ ሥሩ። የቀበሌያችሁን ካርታ በሰሌዳ ላይ ሣሉ። ትምህርት ቤቱን፥ ቤተ ክርስቲያኑን፥ ጤና ኬላውን፥ ምንጩንና ገበያውን አመልክቱ። ከዚያ በኋላ የሁለቱ ድርጅቶች ሲም ካርድ ያላቸው ሁለት ስልኮች ይዛችሁ በየስፍራው ሂዱ። በስልኩ ራስ ላይ የሚታዩት ትናንሽ ዘንጎች ብቻቸውን አይበቁም፤ ዘንጉ ሞልቶ ሳለ ጥሪው የማይገባበት ጊዜ አለና በእውነት ደውላችሁ ተነጋገሩ። ጠዋትና ማታ፥ በቤት ውስጥና በደጅ ሞክሩ፤ ውጤቱንም በካርታው ላይ ጻፉ። ይህ ካርታ በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ የመንደሩ ሰው ሁሉ የቱ መሥመር ከደጁ እንደሚደርስ ገንዘቡን ሳያወጣ ያውቃል። ምጥ የያዛት ሴት ቤተ ሰብም ከቤት የማይሰማ ቢሆን ወደ የትኛው ጉብታ ወጥቶ መደወል እንዳለበት አስቀድሞ ተረድቶ ይቆያል።

4ኛ፤ ስለ መሥመርና ስለ ወጪው

ሁለቱም መሥመሮች ከስፍራችሁ የሚደርሱ ከሆነ ወጪያቸውን በስሌት አመዛዝኑ። ለምሳሌ ያህል በቀን 4 ጊዜ፥ በያንዳንዱም 3 ደቂቃ የሚነጋገር ሰው በቀን 12፥ በ30 ቀን 360 ደቂቃ ይፈጃል። የቀን ጥቅል ዋጋ 5 ብር፥ የወር ጥቅል 100 ብር ነው ብንል፥ በየቀኑ የሚገዛው ሰው በወር 150 ብር ያወጣል፤ የወሩን የሚገዛው ግን 50 ብር ይተርፈዋል። ነገር ግን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚደውል ሰው የወሩን ጥቅል ቢገዛ ያልተሠራበት ቀሪ ቀኑ ሲያልፍ ይጠፋበታል። ዋጋው በየጊዜው ይለወጣልና የዕለቱን ዋጋ ጠይቃችሁ አስሉ።

ዘመዶቻችሁና ደንበኞቻችሁ የያዙትን መሥመርም አስቡ፤ ብዙ ጊዜ በአንድ መሥመር ውስጥ መነጋገር ይረክሳል። ሁለት ሲም ካርድ የሚቀበል ስልክ ያለው ሰው ሁለቱንም ይዞ፥ በየስፍራው በሚሠራው ሊደውል ይችላል። ሲም ካርዱም በራሳችሁ መታወቂያ፥ በራሳችሁ ስም ይመዝገብ። በሌላ ሰው ስም የተመዘገበ ካርድ ቢጠፋ ቁጥሩን ለማስመለስ፥ በውስጡም ያለውን ገንዘብ ለማዳን እጅግ ያስቸግራል።

በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በብዙ ስፍራ ለወራት ሳይመለስ መቆየቱን ሁላችንም እናስታውሳለን። ከዚህ የምንማረው ትልቅ ጉዳይን ሁሉ በኢንተርኔት ላይ ብቻ ማንጠልጠል እንደማይገባ ነው። ዘመናዊ ስልክ ያለው ሰውም የቅርብ ሰዎቹን ቁጥር በወረቀት ይጻፍ፤ በአጭር ቁጥር መሥራትንም ይልመድ።

5ኛ፤ ስለ ስልኩ

እነዚህ ሦስቱ ከታወቁ በኋላ ስልኩን መምረጥ ቀላል ነው። ከሻጩ ዘንድ ሳላችሁ የሚከተሉትን መርምሩ።

ሀ) ስልኩ የአማርኛን ፊደል ይጽፋልን? ከሌላ ስልክ በአማርኛ የተጻፈ መልእክት አስልኩ፤ በፊደሉ ፈንታ ባዶ አራት ማዕዘን ቢታይ ለእናንተ አይሆንም። አንድ አጭር መልእክት በላቲን ፊደል 160፥ በአማርኛ ግን 70 ምልክት ብቻ ይይዛል፤ ከዚያ ቢያልፍ እንደ ሁለት መልእክት ይቈጠራል። ስለዚህ በአማርኛ የምትጽፉ ሰዎች ቃላችሁን ሰብስቡ።

ለ) ባትሪው ምን ያህል ይይዛል? የባትሪ መጠን በሚሊ አምፒር ሰዓት ይለካል፤ በአንድ ዐይነት ስልኮች መካከል ቁጥሩ የበለጠው ብዙ ይቆያል። ሞገዱ በደከመበት ስፍራ ስልኩ ማማውን በመፈለግ ኃይሉን ስለሚጨርስ ከማማ ርቆ የሚኖር ሰው ትልቅ ባትሪ ይምረጥ።

ሐ) አራተኛው ወይም አምስተኛው ትውልድ ነው ተብሎ በውድ ቢሸጥላችሁ፥ በስፍራችሁ ያለው ማማ ያንን ካልሰጠ ትርፉ ስሙ ብቻ ነው።

መ) ከውጭ አገር ዘመድ የላከው ስልክ ለዚያ አገር ድርጅት ብቻ የተቈለፈ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመላኩ በፊት የተከፈተ መሆኑን ጠይቁ።

ሠ) *#06# ብላችሁ ስትጽፉ 15 አኃዝ ያለው የስልኩ መለያ ቁጥር ይታያል። በሳጥኑ ላይ ካለው ጋራ አስተያዩት፤ ባይስማማ ዕቃው የተሰረቀ ወይም የተመሳሰለ ሊሆን ይችላልና ተዉት። ቁጥሩንና ደረሰኙን በቤት አስቀምጡ።

6ኛ፤ ስለ ጥንቃቄ

የምሥጢር ቁጥር እንደ ጎተራ ቁልፍ ነው፤ ለጠየቀ ሁሉ አይሰጥም። ሽልማት ደርሶሃል የሚል፥ ወይም በስሕተት ገንዘብ ልኬብሃለሁና መልስልኝ የሚል ሰው ቢደውል፥ አስቀድማችሁ የራሳችሁን ሒሳብ ተመልከቱ። እህል የሸጠ ሰውም ገዢው የገንዘብ መልእክት ቢያሳየው፥ በገዛ ስልኩ ቀሪ ሒሳቡን ሳያይ ጆንያውን አያስረክብ። ማንበብ የማይችል ጎረቤት ካላችሁ ይህን ምርመራ በፊቱ አድርጉለት፤ ቁጥሩን ግን ራሱ እንዲጽፍ አስለምዱት እንጂ እናንተ አትያዙለት።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ስልክ ከመግዛት በፊት አስቀድሞ መታወቅ ያለባቸው ሦስት ነገሮች ምንና ምን ናቸው?
2. በገበያ ላይ የሚሰማ መሥመር በሸለቆ ውስጥ ስለ ምን አይሰማም?
3. በቀን 2 ጊዜ፥ በያንዳንዱም 5 ደቂቃ የሚነጋገር ሰው በ30 ቀን ስንት ደቂቃ ይፈጃል?
4. ከቤታችሁ ሌሊት አምቡላንስ መጥራት ቢያስፈልግ ከየት ቆማችሁ፥ በየትኛው መሥመር ትደውላላችሁ? መልሱን ዛሬ ማታ ሞክራችሁ ነገ ለክፍሉ ተናገሩ።