የዘመመ ግድግዳና «ቀደር ነው»



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ የዛሬው የጁምዓ ትምህርታችን ስለ አከራይ አማና ነው።

ከይፋግ እስከ ወረታ ባለው የፎገራ ሜዳ ብዙው መሬት ዋልካ ነው። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በላዩ የቆመ የጭቃ ግድግዳ ቀስ በቀስ ይዘማል። አከራዩ ያያል፤ «ክረምቱ ይለፍና» ይላል። ግድግዳው ተከራይ ላይ ሲወድቅ ግን «ቀደር ነው፣ ምን ይደረጋል?» ይባላል።

አዎ፣ ሁሉም በአሏህ ቀደር ነው። ቀደር ግን የሰውን ሐቅ አይሽርም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ግመሉን ሳያስር በአሏህ ልመካ ላለው ሰው «መጀመሪያ እሰራት» የሚል ምክር ሰጥተውታል። መከለያ በሌለው ጣሪያ ላይ ማደርንም አስጠንቅቀዋል። ተወኩል ከጥንቃቄ ጋር ነው።

ፉቀሃዎች ስለዘመመ ግድግዳ ራሱን የቻለ ርዕስ አላቸው። በሐነፊ መዝሀብ ባለቤቱ «ግድግዳህ ዘሟል፣ አፍርሰው» ተብሎ ከተነገረው፣ ለማፍረስ የሚበቃ ጊዜም አግኝቶ ከተወው፣ ለደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው። የኡስማንያ መንግሥት መጀለህ አንቀጽ 928ም ይህንኑ ደንግጓል።

የአገራችን ሕግ ደግሞ ከዚህም ይጠብቃል። የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2077 ሕንፃ ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ጉዳቱ ያልታሰበ ቢሆን እንኳ፣ ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል። ከቤት ወድቆ ሰው ለሚጎዳ ዕቃ ግን ተጠያቂው በቤቱ የሚኖረው ሰው ነው፤ ቁጥር 2079። ስለዚህ ተከራይም በረንዳ ላይ ያስቀመጥከውን ጀሪካን ተመልከት።

ምን እናድርግ?

• ተከራይ ከሆንክ አደጋውን ለራሱ ለባለቤቱ ንገር፤ ምስክር ባለበት። ለጎረቤት ማማት ማስጠንቀቂያ አይሆንም።

• ቤተሰብህ የሚያከራይ ከሆነ ዛሬ ከጁምዓ መልስ ግቢውን ዙር። ክዳን የሌለው የሽንት ቤት ጉድጓድ፣ መደገፊያ የሌለው ደረጃ፣ የተላጠ የመብራት ገመድ አለ? ለአባትህ በአደብ ንገረው፤ ይህም ለወላጅ መልካም መዋል ነው።

• ጉዳት ከደረሰ «አሏህ ይማርህ» ብቻ አይበቃም። የሕክምናውን ወጪ ጠይቅ፣ ሐቁን ክፈል፣ አውፍ በለኝ በል።

ከመንገድ ላይ እንቅፋት ማንሳት ከኢማን ክፍሎች አንዱ ከሆነ፣ ኪራይ ከምንቀበልበት ቤት አደጋን ማንሳትማ እንዴት አይሆን!

አሏህ የሰው ሐቅ በጫንቃችን ይዘን ከመገናኘት ይጠብቀን። ኣሚን።

ጁምዓ ሙባረክ!