የሐናካፒአይ ፏፏቴና ደራሽ ውሃ

በደጋ ያደገ ሰው ወንዝ መሻገርን ማንም ሳያስተምረው ያውቃል ይባላል። እኛም እንዲሁ ይመስለን ነበር። ነገር ግን ከአገራችን እጅግ ርቆ በፓሲፊክ ውቅያኖስ መካከል በሚገኝ ደሴት፣ ልጆች ድንጋይ ከድንጋይ እየዘለሉ በሚሻገሩት ጅረት ዳር አንድ ሌሊት ተቀምጠን ስለ ውሃ እንደ ገና ተምረናል። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ደሴቲቱ ካዋኢ ትባላለች። ከሐዋይ ደሴቶች አንዷ ናት፤ ሐዋይም ከ1959 ጀምሮ ከአሜሪካ ግዛቶች እንደ አንዱ ይቈጠራል። በደሴቲቱ መካከል ዋያሌያሌ የሚባል 1,569 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ ቆሟል። ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ከባሕር ያነሣውን እርጥበት በዚህ ተራራ ላይ ስለሚያራግፈው፣ በዓመት በላዩ የሚወርደው ዝናም ከ9 ሜትር ይበልጣል። አዲስ አበባ በዓመት የምታገኘው አንድ ሜትር ከጥቂት ነውና፣ ክረምታችን ከባድ ነው የምንል ሁሉ ይህን እናስብ።

በሰሜን ምዕራብ በኩል ናፓሊ የሚባለው ገደል ከባሕሩ ቀጥ ብሎ ይነሣል። የመኪናው መንገድ ኬኤ በተባለው የባሕር ዳር ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ የእግር መንገድ ብቻ ነው። በገደሉ ወገብ 3 ኪሎ ሜትር ከጥቂት ሲሄዱ ሐናካፒአይ ባሕር ዳር ይደረሳል፤ ከዚያ ወደ ሸለቆው ታጥፎ ሌላ ያን ያህል ሽቅብ ሲወጡ ፏፏቴው ይገኛል። ደርሶ መልሱ ወደ 13 ኪሎ ሜትር ነው። ለጤነኛ ሰው ብዙ አይመስልም፤ ሆኖም ድንጋዩ የሚያዳልጥ፣ ጭቃው ቀይ፣ የዛፉ ሥር እንደ መሰላል የተገለጠ በመሆኑ ቀኑን ሙሉ ይወስዳል። እንግዶች አስቀድመው ፈቃድ ማግኘት ይገባቸዋል፤ ከ2019 ወዲህ በቀን ከ900 በላይ ጐብኚ አይገባም።

አብረውን የሄዱት በአሜሪካ የሚኖሩ ሁለት ያገራችን ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ የዕድሜ እኩያችን ሲሆን ሁለተኛው ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው የእኅቱ ልጅ ነው። በማለዳ ተነሥተን ባሕር ዳር ወዳለው መሻገሪያ ስንደርስ ውሃው ከቁርጭምጭሚት አላለፈም። ሰማዩም ጥርት ያለ ነበረ።

ሸለቆው ሰው የማያውቀው ጫካ ይመስላል፤ ነገር ግን በጥላው ውስጥ በድንጋይ የተካቡ እርከኖች ይታያሉ። የደሴቲቱ ጥንታውያን ሰዎች ውሃ እያጠጡ ጎደሬ ያበቅሉባቸው የነበሩ ናቸው። በደቡባችንና በምዕራባችን የሚበላው ያው ጎደሬ ነው። ጥቂት እንደ ሄድን ደግሞ የአሮጌ ቡና መፈልፈያ ፍርስራሽ አገኘን። ቡና ወደ ሐዋይ የመጣው በ1825 ከብራዚል በመርከብ ሲሆን፣ የዘሩ መነሻ የኢትዮጵያ ጫካ መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። በዚያ ሸለቆ የቡና እርሻ ከተተወ ብዙ ዘመን ሆኖታል። እኛ ግን ከፏፏቴው ይልቅ በዚህ ፍርስራሽ ፊት ብዙ ጊዜ ቆየን ብንል አንዋሽም፤ ልጁ እስኪሰለች ድረስ።

ፏፏቴው 90 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው ጥቁር ገደል ይወርዳል። ነፋሱ ብናኙን እየወሰደ ሩቅ የቆመውን ሰው ሳይቀር ያረጥባል። ከሥሩ ያለው ኩሬ የሚያማልል ነው፤ ሆኖም ከገደሉ ጫፍ ድንጋይ ስለሚወርድ ከውሃው በታች መቆም አይገባም። በአካሉ ላይ ቍስል ያለበትም ሰው አይግባበት፤ ከእንስሳት ሽንት ጋር ወደ ጅረቱ የሚገባ የበሽታ ተሕዋስ አለና።

እንጀራ የለመደ ሆዳችንን በዳቦ አታልለን ስንመለስ ደመና የሸለቆውን ራስ ሸፈነው። የላይኞቹን መሻገሪያዎች ሳንቸገር አለፍን። ወደ መጨረሻው ስንደርስ ግን በባሕሩ ዳር ፀሐይ ወጥቶ ሳለ ጠዋት የተሻገርነው ጅረት ቡና መስሎ፣ ቅጠልና እንጨት ተሸክሞ ወገብ ድረስ ሞልቶ አገኘነው። ከሥሩም ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ይሰማ ነበር።

ሰው በፀሐይ ቆሞ ሳለ ውሃ እንዴት ይሞላበታል? ዝናሙ የወረደው እርሱ ከቆመበት ሳይሆን ከሸለቆው ራስ ስለ ሆነ ነው። ሸለቆው አጭርና ቁልቁል ስለ ሆነም፣ በገደሉ ላይ የወረደው ሁሉ በጥቂት ጊዜ ከባሕሩ ይደርሳል። የአገራችን ሰው ይህን ደራሽ ይለዋል፤ በቈላ ወንዝ ዳር ያደረ ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። ደግሞም የውሃ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚገፋው ኀይል አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ ጠዋት በጕልበት ልክ ተረማምዶ ያለፈ ሰው ከሰዓት በኋላ በዚያው ልክ ሊወሰድ ይችላል። በሚያዝያ 2014 በዚሁ ጅረት ሙላት ምክንያት ከ120 የሚበልጡ መንገደኞች ማዶ ቀርተው በሄሊኮፕተር ወጥተዋል። በሚያዝያ 2018 ደግሞ ከዚያ ብዙ በማይርቀው ዋይፓ በ24 ሰዓት 1,262 ሚሊ ሜትር ዝናም ወርዶ፣ መንገዱ እስከ 2019 አጋማሽ ተዘግቶ ቆየ።

«ጋሼ፣ ወገብ ድረስ እኮ ነው፤ እጅ ለእጅ ተያይዘን እንሻገር» አለ ልጁ። የአውሮፕላን ትኬታችን ለዚያው ማታ ነበረ፤ ቢያልፈን ገንዘቡ አይመለስም። እውነቱን ለመናገር የእኛም ልብ ከልጁ ጋር ነበረ፤ ጫማችንንም ማጥበቅ ጀምረን ነበር። አጎቱ ግን መልስ ሳይሰጥ ጎንበስ ብሎ አንድ ድንጋይ አነሣና በውሃው ጠርዝ አኖረው።

«ይህን እይልኝ፤ ሲሸፈን ንገረኝ» አለው።

ብዙም ሳይቆይ ድንጋዩ ተሸፈነ። በዚያው ጊዜ አንድ የማናውቀው መንገደኛ ቦርሳውን እንደ ተሸከመ ገባ። አራት ርምጃ ያህል እንደ ሄደ እግሩ ከድንጋይ ላይ ተነሣ፤ ውሃውም ወደ ባሕሩ ይዞት ወረደ። በዳር ያለውን የዛፍ ሥር ባይዝ ኖሮ የሚሆነውን መጻፍ አንሻም። ቦርሳው ሄደ፤ እርሱ ግን ጕልበቱ ተልጦ እየተንቀጠቀጠ ወደ እኛ ወጣ። ልጁም ከዚያ በኋላ ስለ ትኬቱ አልተናገረም። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ሲባል ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ ኖረናል፤ ሲወስድ ያየነው ግን ያን ቀን ነው።

ከጅረቱ ራቅ ብለን ከፍ ወዳለ ቦታ ወጣን። በዚያ የቀሩት ሁሉ ተሰበሰቡ፤ ያለው ምግብና ደረቅ ልብስ ተካፈለ። ሌሊቱን ሙሉ የድንጋዩን ጩኸት እያዳመጥን ቆየን። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ጩኸቱ እየራቀ ሄደ፤ የውሃው ድምፅ ብቻ ቀረ።

ጎሕ ሲቀድ ጅረቱ ጠርቶ ወደ ቁርጭምጭሚት ተመልሶ ነበር። ልጁ አጎቱ ያኖረውን ድንጋይ በጠርዙ ፈለገው፤ አላገኘውም። ጫማውን ሳያወልቅ ተሻገረ፤ እኛም ተከተልነው። አዲሱን ትኬት ሦስታችን አዋጥተን ገዛን።