ገመዱ የሚያደርሰውና የማያደርሰው
ዲጂታል ፒያኖን ከኮምፒዩተር ጋር ስለ ማገናኘት

መዝሙር የጸሎታችን ክፍል እንጂ የጉባኤ ማድመቂያ አይደለም። ስለዚህ መዝሙርን የሚያገለግል መሣሪያ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል ለይቶ ማወቅ ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይገባል። በዚህ እትም ዲጂታል ፒያኖ ከኮምፒዩተር ጋር እንዴት እንደሚገናኝ እንመለከታለን።

1. በገመዱ የሚያልፈው ምንድን ነው?

ብዙዎች የፒያኖው ድምፅ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1983 የመሣሪያ ሠሪዎች የተስማሙበት «ሚዲ» የተባለው ሥርዓት የሚያስተላልፈው ትእዛዝን ነው፤ ይኸውም የትኛው ቁልፍ እንደተነካ፣ በምን ኃይል እንደተመታና መቼ እንደተለቀቀ ነው። እያንዳንዱ ቁልፍ ቁጥር አለው፤ በፒያኖው መካከል ያለው «ዶ» 60 ይባላል። የምቱም ኃይል ከ1 እስከ 127 ይለካል። በድጓ ላይ የተጻፈው ምልክት ራሱ ዜማው እንዳልሆነ ሁሉ፣ ሚዲም ድምፅ ሳይሆን የድምፅ ምልክት ነው።

2. እንዴት ይገናኛል?

ሀ) በፒያኖው ጀርባ አራት ማዕዘን ቅርጽ ያለው የዩኤስቢ መሰኪያ ካለ፣ ብዙ ጊዜ ለማተሚያ መሣሪያ የምንጠቀምበት ዓይነት ገመድ ይበቃል።

ለ) አሮጌ ፒያኖ ባለ አምስት ቀዳዳ ክብ መሰኪያ ብቻ ካለው፣ በመካከል አገናኝ መሣሪያ ያስፈልጋል። ከፒያኖው «መውጫ» የሚነሣው ገመድ በአገናኙ «መግቢያ» ይሰካል። መግቢያን ከመግቢያ ጋር ማገናኘት የተለመደ ስሕተት ነው።

ሐ) በኮምፒዩተሩ ላይ እንደ ሙዝስኮር ያለ በነጻ የሚገኝ የኖታ መጻፊያ ፕሮግራም ከፍተን፣ በምርጫው ውስጥ ፒያኖውን እንመርጣለን።

መ) አንዱን ቁልፍ ስንነካ ድምፁ ሁለት ጊዜ ከተሰማ፣ ፒያኖውና ኮምፒዩተሩ አብረው እየተጫወቱ ነው፤ የአንዱን ድምፅ መዝጋት ይበቃል።

ሠ) መብራት ሳይታሰብ ሊጠፋ ስለሚችል ሥራውን በየጥቂት ደቂቃው ማስቀመጥ፣ በፍላሽም ሁለተኛ ቅጂ መያዝ ያስፈልጋል።

3. የቅኝታችን ነገር

ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን አምባሰልና ባቲ ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ከወሎ ምድር ነው። ፒያኖ ግን የድምፅን እርከን በ12 እኩል ክፍል ስለሚከፍል፣ የእናቶቻችን ድምፅ ዘወትር በቁልፎቹ ላይ አያርፍም። የቅዱስ ያሬድ ዜማም እንደ ሰልፍ እርምጃ በእኩል ምት አይሄድም፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ «ምቱን ላስተካክል» ሲል እሺ ማለት ዜማውን ማበላሸት ነው።

4. ከደረሰብን

እኛም ይህን ሳናውቅ በድለናል። በአንድ ወቅት አንዲት አረጋዊት እናት የቆየ የማርያም መዝሙር ሲያዜሙ፣ ጎናቸው ተቀምጠን በፒያኖ እየተከተልን ሚዲውን ብቻ ቀዳን፤ ድምፃቸውም አብሮ የተያዘ መሰለን። ከወራት በኋላ እናታችን ዐረፉ። ፋይሉን ስንከፍት ያገኘነው የራሳችንን ጣት ነበር፤ የእርሳቸው ድምፅ ግን አልነበረም። ስልካችን በኪሳችን እያለ እንኳ አልቀዳንም። ይህ እስከ ዛሬ ይቈጨናል።

በአንጻሩ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ሥራ እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1923 ተወልደው በ2023 በኢየሩሳሌም ያረፉት እኒህ መነኩሲት፣ በወሎ በግሸን ማርያም ገዳም ለዓመታት ኖረዋል። የፒያኖ ድርሰቶቻቸው እ.ኤ.አ. በ1967 በሸክላ ታትመው ተሰሙ፤ በእጃቸው የጻፉት ኖታም በኋላ በመጽሐፍ ታተመ። ድምፁም ምልክቱም ስለ ተጠበቀ፣ ዛሬ የሚሰማ ይሰማቸዋል፤ የሚማርም ይማርባቸዋል።

5. እንግዲህ ምን እናድርግ?

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ ሥርዓተ አምልኮ ባወጣው ድንጋጌ፣ የየሕዝቡ የዜማ ቅርስ ተገቢው ክብር እንዲሰጠው አዝዟል (ቁ. 119)። እንግዲህ በሐራም ሆነ በመርሳ ወይም በወልድያ የቆየ መዝሙር የሚያውቅ ሰው ስናገኝ፣ አስቀድመን ፈቃዱን ጠይቀን ድምፁን በስልክ እንቅዳ፤ ቀጥሎ ቃሉን በወረቀት እንጻፍ፤ ፒያኖውንና ኮምፒዩተሩን በመጨረሻ እናምጣ። ገመዱ የጣትን ትእዛዝ ያደርሳል፤ የሰውን እስትንፋስ ግን ጆሮ ሰጥተን መጠበቅ የእኛ ድርሻ ነው።

ለውይይት፦ በአካባቢያችን አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው መዝሙር አለን? መቼ ሄደን እንስማው?