ስለ አይሮፕላን ማረፊያ ጥገና ለነጋዴዎች የቀረበ ትምህርት

የጭሮ (የአሰበ ተፈሪ)፣ የሒርና፣ የገለምሶና የበዴሳ ነጋዴ በአይሮፕላን ዕቃ ለመላክ ሲያስብ ቅርቡ ጣቢያ በደጃዝማች ይልማ ስም የሚጠራው የድሬዳዋ አይሮፕላን ማረፊያ ነው። ቡና በመጋዘን ቢቆይ ይታገሣል፤ ጫት ግን ከተቆረጠ በኋላ ሁለት ቀን ያህል ቢያድር ኃይሉ ይደክማል፤ ዋጋውም ይወድቃል። እንግዲህ የማረፊያው መዘጋት የሚያመጣው ጉዳት እስከ ገበሬው ማሳ ድረስ የሚደርስ ስለ ሆነ፣ ማረፊያው ሳይታወክ እንዲውል የሚያደርገውን ሥራ ማወቅ ለነጋዴ ይጠቅማል። ከሥራው ዋና ዋናው በሦስት ይከፈላል።

አንደኛ፣ የመንደርደሪያው ጥበቃ ነው። ሠራተኞች አስፋልቱን በየቀኑ እየተመለከቱ ጠጠርና ቁርጥራጭ ብረት ያነሣሉ፤ ስንጥቁንም ውሃ ሳይገባበት ይደፍናሉ። ሐምሌ 18 ቀን 1992 ዓ.ም. ከፓሪስ የተነሣው ኮንኮርድ ጎማው የፈነዳው፣ ከሌላ አይሮፕላን ወድቆ በመንደርደሪያው ላይ የቀረ ቀጭን ብረት ስለ ቆረጠው ነው። በዚህ አደጋ 113 ሰዎች ሞቱ።

ሁለተኛ፣ የውሃ መውረጃው ነው። ድሬዳዋ ቆላና ደረቅ ብትሆንም፣ በ1998 ዓ.ም. የደቻቱ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎች መግደሉ አይረሳም። እንዲህ ባለ አገር ቦይ የሚጠረገው ዝናብ ከመድረሱ በፊት ነው።

ሦስተኛ፣ የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ዋናው መብራት ሲጠፋ የመንደርደሪያው መብራት በሴኮንዶች ውስጥ በጄኔሬተር መተካት አለበት። ጄኔሬተር ገዝቶ ማቆም ብቻ አይበቃም፤ ጭነት እየተሰጠው በየጊዜው ሊሞከር ይገባል።

ለዚህም የቅርብ ጊዜ ምስክር አለ። መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. በለንደን የሚገኘው የሂትሮው ማረፊያ፣ ኤሌክትሪክ ከሚያገኝባቸው ጣቢያዎች አንዱ በመቃጠሉ ቀኑን ተዘግቶ ዋለ፤ ከ1,300 የሚበልጡ በረራዎችም ታወኩ። በኋላ በተደረገው ምርመራ እንደ ተገለጸው፣ ለቃጠሎው ምክንያት ሳይሆን እንዳልቀረ የታመነበት እርጥበት በትራንስፎርመሩ ላይ የታየው በ2010 ዓ.ም. ነበር። ጉድለቱ ታውቆ ሳለ ተገቢው ጥገና ሳይደረግለት ዓመታት አለፉ።

ይህ ነገር ለመጋዘን ባለቤትም ትምህርት ነው። በግንቦት የታየ የጣራ ቀዳዳ ሳይደፈን ቢቀር፣ በሐምሌ የሚከፈለው የቆርቆሮው ዋጋ ብቻ ሳይሆን የረጠበው ቡና ዋጋ ጭምር ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ነጋዴ አንድ መዝገብ ቢያዘጋጅ መልካም ነው። በመዝገቡም ላይ ጉድለቱ የታየበት ቀን፣ እንዲጠግን የታዘዘው ሰው ስምና ጥገናው የተፈጸመበት ቀን ይጻፍ። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ ሆኖ የቆየበትን ጉዳይ ባለቤቱ ራሱ በየሳምንቱ ይጠይቅ። ሚዛን፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የእሳት ማጥፊያና የጭነት መኪና ጎማ በዚሁ መዝገብ መግባት ይገባቸዋል።

በአይሮፕላን ዕቃ የሚልክ ደግሞ፣ ማረፊያ ለጥገና የሚዘጋበት ሰዓት አስቀድሞ ለአየር መንገዶች በማስታወቂያ የሚነገር ስለ ሆነ፣ ጫቱ ከመቆረጡ በፊት ወኪሉን ይጠይቅ። አበው «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ» ያሉት ለንግድም የሚሠራ ምክር ነው።