አሮጌ ቮልስዋገንን በራስ እጅ መንከባከብ



«መኪና የባለ ገንዘብ ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። ነገር ግን ነገ ተመርቀን የምንመደብበት ትምህርት ቤት ከጋራዥ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚርቅ ማን ያውቃል? በዚያ ላይ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ስለ ተከለከለ፥ በእጅ ያለችውን አሮጌ መኪና ጠብቆ ማቆየት ግድ ሆኗል። አንድ መምህር አሮጌ መኪና ቢኖረው ወይም የትምህርት ቤቱ መኪና መንገድ ላይ ብትቆምበት፥ ምክንያቱን ማወቁ ሞተር ያድናል፤ አንዳንዴም ሕይወት ያድናል።

ለዚህ ትምህርት የመረጥናት ቮልስዋገን ናት፤ ሁላችንም ቮልስ የምንላት። መሠራት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1938 ጀርመን አገር ሲሆን፥ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ከፑዌብላ ፋብሪካ ወጣች። በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው በግራና በቀኝ ተጋድመዋል። ራዲያተር የላትም፤ ውኃ አትጠጣም። ሙቀቷን የሚያወጡላት አየርና ዘይት ብቻ ናቸው። ይህቺን አንዲት ነጥብ የያዘ ሰው ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ በቀላሉ ይረዳዋል።

1ኛ. ቺንጊያውና ቀዩ መብራት

የቮልስ ቺንጊያ አንድ ብቻ ነው። ዲናሞውን ያዞራል፤ አየር የሚነፋው ፋን ደግሞ ከዚያው ከዲናሞው ዘንግ ጫፍ ላይ ተገጥሟል። ስለዚህ ቺንጊያው ሲበጠስ ባትሪው መሞላት ያቆማል፤ የዲናሞውም ቀይ መብራት ይበራል። ብዙ ሰው ታዲያ «ባትሪ ነው፤ ቤት ስደርስ አሳየዋለሁ» ብሎ ይነዳል። እዚህ ላይ ነው ስሕተቱ! መብራቱ ስለ ባትሪ ቢናገርም ፋኑም አብሮ ቆሞ ሊሆን ይችላል። አየር ያጣ ሞተር በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ይቃጠላል። ቀዩ መብራት ከበራ ወዲያው ዳር ይዞ ሞተሩን ማጥፋት፥ ከዚያ ከኋላ ከፍቶ ቺንጊያውን ማየት ነው።

ቺንጊያው ሲላላም ፋኑ ይደክማል። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ መሐሉን በአውራ ጣት ስንጫነው 1.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢገባ ደህና ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ የዲናሞው ፑሌጃ ለሁለት ይከፈታል፤ በሁለቱ ግማሾች መሐል ካሉት ስስ ሮንዴላዎች አንዱ ሲወጣ ቺንጊያው ይጠብቃል። የወጣው ሮንዴላ አይጣልም፤ ከውጭ በኩል ከዳዶው ሥር ይቀመጣል። ትርፍ ቺንጊያና 21 ቁጥር ቁልፍ ከመኪናዋ መለየት የለባቸውም።

2ኛ. ዘይት

ሞተሯ የሚይዘው 2.5 ሊትር ብቻ ነው። ያውም እንደ ሌሎቹ መኪናዎች የወረቀት ማጣሪያ የለውም፤ ያለው የሽቦ ወንፊት ነው። ወንፊት ደግሞ ደቃቁን አቧራ አይዝም። ስለዚህ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይቱን መቀየርና ወንፊቱን ማጠብ ያስፈልጋል። መንገዱ አቧራማ ከሆነ ቀደም ማለት ነው እንጂ መዘግየት አይሆንም። የዘይቱን መጠን ስንለካ መኪናዋ ሜዳ ላይ ትቁም፤ ሞተሩም ይጥፋ። የተቀየረውን ዘይት ወንዝ ውስጥ መድፋት ነውር ነው፤ ውኃውን እኮ ሰውም ከብትም ይጠጣዋል።

3ኛ. ዝም ያለው ቫልቭ

ቫልቭ የሚስተካከለው ሞተሩ ፍጹም ሲቀዘቅዝ ነው። በ1300፥ በ1500 እና በ1600 ሞተሮች የተለመደው ክፍተት 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። በአንዳንድ የቆዩ ሞተሮች ልኩ ስለሚለይ የመኪናዋን መጽሐፍ አስቀድሞ ማየት ይገባል። የሚያስፈልገው መሣሪያ ካቻቪቴ፥ 13 ቁጥር ቁልፍና ውፍረት መለኪያ ስስ ብረት ነው።

አሁን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። የሚያንኳኳ ቫልቭና ድምፅ የሌለው ቫልቭ ቢኖሩ የትኛው ያሰጋል? አብዛኛው ሰው «የሚያንኳኳው» ይላል። መልሱ ግን ተቃራኒው ሊሆን ይችላል። የሚያንኳኳው ክፍተቱ ስለ ሰፋ ነው፤ ጥፋቱን ራሱ ይናገራል። ክፍተቱ የጠፋበት ቫልቭ ግን ድምፅ የለውም። ሙሉ በሙሉ ስለማይዘጋ ሙቀቱን ለመቀመጫው ማስተላለፍ ያቅተውና ይቃጠላል። በተለይ በቆዩት ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው የ3ኛውን ሲሊንደር አየር ስለሚጋርድ፥ የዚያ ሲሊንደር የጭስ ማውጫ ቫልቭ ቀድሞ ይጎዳል። እንግዲህ ድምፅ ስላልሰማን ብቻ ደህና ነው አንበል፤ እንለካ። ክፍል ውስጥም ከኋላ ወንበር ዝም ያለውን ተማሪ ገብቶታል ብለን እንዳናልፈው ይህ ያስተምረናል።

4ኛ. አልነሣ ስትል

ዕቃ ለመቀየር መሮጥ አይገባም፤ ገንዘብ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ጥያቄ በቅደም ተከተል ይጠየቅ።

ሀ) እሳት አለ? አንዱን ካንዴላ ፈትቶ ከሽቦው ጋር መልሶ ማያያዝና ብረቱን ከሞተሩ አካል ማስነካት። ሽቦውን በባዶ እጅ መያዝ አይገባም፤ ቤንዚንም አጠገቡ አይኑር። ሌላ ሰው ቁልፉን ሲያዞር ጠንካራ ብልጭታ ካልታየ ፑንቲናውን እንይ፤ ክፍተቱ 0.4 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት።

ለ) ቤንዚን ይደርሳል? እሳቱ ደህና ከሆነ ከታንከር እስከ ካርቡሬተር ያለውን መሥመር መከተል ነው። በዚሁ አጋጣሚ የቤንዚኑን ጎማ ቱቦ ጎንበስ አድርገን እንየው። በእርጅና የተሰነጠቀ ቱቦ በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ያንጠባጥባል፤ መኪናዋም በእሳት ትያያዛለች። ቱቦው ርካሽ ነው፤ ከተሰነጠቀ ነገ ሳይባል በዚያው ቀን ይቀየር፥ በማሰሪያም ይጥበቅ።

5ኛ. ራሳችንን እንጠብቅ

ክሪክ ማንሻ ነው እንጂ መደገፊያ አይደለም። በክሪክ ብቻ ከቆመች መኪና ሥር ማንም አይግባ። ብሎኬትም ይፈረካከሳልና አይታመን፤ የብረት መደገፊያ ወይም ወፍራም ጠንካራ እንጨት ይደረግ፤ መሬት ላይ የቀሩት ጎማዎችም ታኮ ይግባላቸው። የፍሬን ሥራ ደግሞ ለለማጅ አይሰጥም። ሞተር ቢበላሽ መኪናዋ ትቆማለች፤ ፍሬን ቢበላሽ ግን አትቆምም። ይህን ለሚያውቅ መካኒክ መተው አዋቂነት ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። መኪናም ጋራዥ ስትገባ «ተበላሸች» ከማለት ይልቅ «ቀይ መብራት በርቶ ቺንጊያው ግን አልተበጠሰም» ብሎ መናገር የሚችል ሰው ጊዜውንም ገንዘቡንም ያተርፋል።

ለውይይት፦ ቀዩ መብራት በርቶ ቺንጊያው ደህና ሆኖ ቢገኝ፥ እናንተ ቀጥሎ ምን ትመረምራላችሁ? ለምን? መልሳችሁን በአጭሩ ጽፋችሁ ከዚህ ጽሑፍ ጎን ለጥፉልን።